አጎቴ የለቀሙልኝ ብስባሽ

በቅርቡ ያረፉት አጎቴ የደባርቅ ነጋዴ ነበሩ። ከዛሪማ በተመለሱ ቁጥር ሊማሊሞ ላይ መኪናውን አስቁመው ለምርምሬ የበሰበሰ እንጨት ይለቅሙልኝ ነበር። ነጭ ሆኖ እንደ ጥጥ የሚላላው፣ ፈንገሱ የሕዋሱን ግድግዳ ያጠነከረውን ሊግኒን ቀድሞ አፍርሶ አብዛኛውን ሴሉሎስ የተወበት ነው፤ ቡናማ ሆኖ እንደ ጡብ የሚሰነጣጠቀው ደግሞ ሴሉሎሱ ተበልቶ ሊግኒኑ የቀረበት። ይህን አንድ ጊዜ ነገርኋቸው፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱን በአንድ ፌስታል ቀላቅለው አያውቁም።

ባለቤታቸው «ሰው ለእህቱ ልጅ ማር ይልካል፣ አንቱ ብስባሽ ይሸከማሉ!» ሲሏቸው፣

«ማሩንማ ማንም ይልሰዋል፤ ይኼን ከእሷ በቀር ማን ያነበዋል?» ይሉ ነበር።

ሌላው ዘመዴ ሁሉ የሚጠይቀኝ መቼ እንደማገባ ነው።

ከተቀበሩ በኋላ ደረስሁ። ከሱቃቸው በር ጀርባ ፌስታሎቹን የሚያኖሩበት ስፍራ ተጠርጓል። ለእኔ ያስቀመጡት የት እንደገባ ልጃቸውን ጠየቅሁት።

«ውይ እታለም፣ ለሰደቃው እንጨት ቢያጥረን ማገድነው እኮ! በወጉ እንኳ አልነደደም፣ ጭስ ብቻ» አለኝ።

በዚያ እሳት የበሰለው ሥጋ ቀረበልኝ። እጄን ታጥቤ በላሁ።