ለቦቴ ውሃ የሰጠሁት ምርቃት

ነገሩ የሆነው ባለፈው በጋ ነው፤ ምድሩ ደርቆ ሰው ሁሉ የበልግን ዝናብ በሚጠብቅበት ሰሞን። በዕድሜዬ ብዙ አይቻለሁ። ተርቤ አውቃለሁ፣ ቀብሬም አውቃለሁ። ያንን ሁሉ እግዚአብሔር ቀስ በቀስ ከልቤ አለዘበልኝ። ይሄን ግን እስከ ዛሬ አላለዘበልኝም። ሲነሳብኝ እህል አይወርድልኝም።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን የምትጽፍልኝ ሶዶ የምትማረው የልጅ ልጄ ናት። "አያቴ፣ ይሄ ቃል ይከብዳል፣ ላለስልሰው?" ስትለኝ፣ "ተዪው፣ እንደከበደ ይሂድ" ብያታለሁ።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አንድ ቦታ አልረጋም። አንዱ ልጄ ሶዶ ነው ያለው፣ አንዷ ጉኑኖ፣ አንዷ ዱቦ አጠገብ። የመጨረሻዋ አማረች ቆላ ወርዳ ነው ያገባችው። አንዱ ጋ ጥቂት እሰነብትና ነጠላዬን አንስቼ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። ስሄድ ደግሞ ቀድሜ አልናገርም። "ስልክ አስደውዪ እንጂ" ይሉኛል። ባስደውል ዶሮ ታርዶ ይጠብቀኛል። ሳልናገር ብሄድ ግን ልጄ ምን እንደምትበላ አያለሁ። እናት የምትሄደው ለዚህ አይደል?

ያን ጊዜም አማረች መውለዷን ሰምቼ፣ ቡላና ቅቤ ይዤ ሳልናገር ወረድኩ። የመንደሩን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ አላጠፉም።

ከዚህ ሕፃን በፊት የወለደችው ልጅ በተቅማጥ ነው ከእጃችን የወጣው። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ያኔ ያለችን ነገር አንድ ነው፤ "ውሃው ነው" አለችን። የመንደሩ ውሃ ከወንዝ ነው የሚቀዳው። ከብቱም እዚያው ይጠጣል፣ ልብሱም እዚያው ይታጠባል። ስለዚህ ለአዲሱ ሕፃን ሁላችንም የምንፈራው ያንኑ ውሃ ነበር።

መንደሩ ውስጥ ቦኖ አለ፤ የለም አይባልም። ሮቶው ከፍ ብሎ ተቀምጧል፣ ከሥሩ ቧንቧዎቹ በሲሚንቶ ተገጥመዋል። ተሠርቶ ጥቂት ወራት ፈሰሰና ፓምፑ ተበላሸ። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ፍየል ሲያስርበት ነው የማውቀው።

በደረስኩ ማግስት ገና በጠዋቱ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ።

"እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ። ቦኖው ተጠግኖ ውሃ መጥቷል። ዛሬ ደግሞ ኦዲተሮች ይመጡብናል። ወጣ ብለው ይመርቁልን።"

"ኦዲተር ምንድን ነው?" አልኩት።

"መንግሥት ሠራሁ ያለው ነገር በእውነት መሠራቱን የሚያይ ሰው ነው።"

"ይሄስ ጥሩ ሥራ ነው" አልኩ።

አማረች ከጓዳ "እማዬ" ብላ ጀመረችና ሰውየውን አይታ ዝም አለች። የሕፃኑ ነገር መሰለኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ከመረቀ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ተነስቶ "የለም" የሚል ሰው መራቂውን ያዋርዳል። ስለዚህ መራቂ በዓይኑ ያላየውን አይመርቅም። ውሸት ላይ የወደቀ ምርቃት ደግሞ ዝም ተብሎ አይተውም። የሰሙት ሰዎች ባሉበት ይነሳል። እናቴ ያስተማረችኝ እንዲህ ነው።

ቦኖው ጋ ስደርስ ውሃው በእውነት ይፈስሳል። ሴቶቹ የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። አንዳቸውም አይገፉም፣ አንዳቸውም "እኔ ነኝ የቀደምኩት" አይሉም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ውሃ የመጣለት መንደር ሴት ሳትጣላ ትሰለፋለች? እኔ ግን ደስታው ዓይኔን ያዘው። የማስበው ያንን ሕፃን ነበር።

ኦዲተሮቹ በመኪና መጡ። አለቃቸው ጎልማሳ ሴት ናት፤ ባርኔጣ አድርጋለች፣ ጫማዋ አቧራ ጠጥቷል። ቧንቧውን ራሷ ከፍታ ዘጋች። ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞራ "ውሃው ሁልጊዜ ይመጣል?" ብላ ጠየቀች። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሊቀመንበሩ ቶሎ ብሎ "መጀመሪያ እናታችን ይመርቁ" አለ።

በመዳፌ ውሃ ቀዳሁ። ወደ ሰዉ ረጨሁና መረቅሁ። "አትድረቂ፣ አራስ ይጠጣሽ፣ ሕፃን ይደግብሽ፣ ያመጣሽን እጅ እግዚአብሔር ያለምልም" አልኩ። ሰዉ "አሜን" አለ። አሜኑ ቀዝቃዛ ነበር፤ የልቅሶ ቤት አሜን ይመስል ነበር።

ሴትየዋ ጥያቄዋን ልትደግም ስትል ሊቀመንበሩ "ትልቅ ሰው መርቆ እኮ ሌላ ምስክር አይጠየቅም" አላት። ሴቶቹም እኔን አይተው አንገታቸውን ደፉ። ከመሄዷ በፊት ሴትየዋ እጄን ይዛ አመሰገነችኝ፤ ከነገ ወዲያ ሶዶ ላይ ከኃላፊዎች ጋር ተሰብስበው ሥራቸውን እንደሚጨርሱ ነገረችኝ።

መኪናቸው ዞር ሳይል ያ ሁሉ ሰልፍ ፈረሰ። ሴቶቹ በዚያ ልብሳቸው ቧንቧው ላይ ተረባረቡ። ጀሪካን ከጀሪካን ተጋጨ። ብዙም ሳይቆይ ቧንቧው እንደ ሳል ያለ ድምፅ አሰማና ነፋስ ተፋ።

እኔ መዳፌ እንደረጠበ ቆሜያለሁ። የአማረች ጎረቤት ፋንታዬ ባዶ ጀሪካኗን እያነሳች በወላይትኛ እንዲህ አለችኝ፤

"የአማረች እናት፣ ሮቶውን ትናንት ማታ በቦቴ ነው የሞሉት። አንቺ የመረቅሽው ቦቴውን ነው። እሱ እንደሁ አይደርቅም፤ ሶዶ ሄዶ ይሞላል።"

ሴቶቹ ሳቁ። ሳቃቸው ላይ ደስታ አልነበረም።

"ለምን አልነገራችሁኝም?" አልኳቸው።

"የተናገረ ማዳበሪያ አያገኝም ተብሏል" አለች ፋንታዬ። "አንቺ ሳናስበው መጣሽብን። ገና ልንነግርሽ ስንል መረቅሽ። ከመረቅሽ በኋላ ማን አፉን ይከፍታል?"

ቤት ስደርስ አማረች ጀሪካን አንጠልጥላ ልትወጣ ነው። አራስ ልጄ። የሕፃኑ ጨርቅ የሚታጠብበት ውሃ አልቋል፣ ባሏ እርሻ ላይ ነው። ከእጇ ነጥቄ ራሴ ወንዝ ወረድኩ። በዚህ ዕድሜዬ ዳገቱን ተሸክሜ ስወጣ ጉልበቴን አይደለም ያመመኝ። መንግሥት ጋ ይቺ ልጅ የቧንቧ ውሃ ትጠጣለች ተብሎ ተነግሯል። ይህን ያስነገሩት በእኔ አፍ ነው።

ጀሪካኑን አስቀምጬ ቀጥታ ሊቀመንበሩ ቤት ሄድኩ። እኔ ሰው ላይ ድምፄን አንስቼ አላውቅም። ያን ቀንም አላነሳሁም።

"ልጄ፣ ምን አድርጌህ ነው?"

"እማማ፣ ይሄ የልማት ግብ ነው" አለኝ። "ዓለም ሁሉ የተስማማበት ነው። እኛ ግቡን አሳክተናል ብለን ለወረዳ አሳውቀናል፣ ወረዳውም ለበላዩ። አሁን አልተሳካም ብንል ሁላችንም እንዋረዳለን።"

"ውሃ ሳይኖርህ አለኝ ካልክ፣ ውሃ የሚያመጣልህ ማን ነው?"

ፈገግ አለና "እማማ፣ ምርቃት እንደሁ አያልቅ። ምን ጎደለብዎት?" አለኝ።

የተናደድኩት እዚያ ላይ ነው። ቦቴውን ሳይቀር ይቅር ልለው እችል ነበር። ይሄን ግን አልቻልኩም።

ስብሰባው በተባለበት ቀን በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ሶዶ ገባሁ። ልጄ ቤት አልሄድኩም። እየጠየቅሁ እየጠየቅሁ ስብሰባው ያለበት ቢሮ ደረስኩ። ዘበኛው አስቆመኝ።

"እማማ፣ ጉዳይዎ ምንድን ነው?"

"ምርቃቴን ላነሳ ነው የመጣሁት።"

"ጠፍቶብዎት ነው?"

"አታልለው ወስደውብኝ ነው።"

"ለሱ ፖሊስ ጣቢያ ነው የሚሄዱት" ብሎ ሳቀ። ግን ልጁ ክፉ አልነበረም። ጥላ ያለበት ድንጋይ አሳየኝ፣ ለስላሳ ገዝቶ ሰጠኝ። እዚያው ተቀመጥኩ።

ለምሳ ሲወጡ ሴትየዋን አየኋትና ተነሳሁ። እሷም አወቀችኝ። "እማማ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?" አለች።

ሁሉንም ነገርኳት፤ ቦቴውን፣ ማዳበሪያውን፣ የሞተውን ልጅ። ምርቃቴንም ነገርኳት። ከኃላፊዎቹ አንዱ "አሮጊቷ ደክመዋል" ብሎ ሊወስዳት ሲል "ምሳውን ጀምሩ" አለችውና ድንጋዩ ላይ ከጎኔ ተቀመጠች።

"ውሃው ሁልጊዜ እንደማይመጣ ጠርጥሬ ነበር" አለችኝ። "ግን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። አገራችን ከሌሎች አገሮች ጋር ቃል ገብታለች፤ ንጹሕ ውሃ የማያገኝ ሰው አይኖርም ብላ። ሁሉም ቦታ ተደረሰ እየተባለ ይነገራል። እኛ የምንላከው የተባለው ነገር ጀሪካን ውስጥ መግባቱን እንድናይ ነው።"

እኔ በእሷም ተቆጥቼ ነበርና አልደበቅኋትም። "ታዲያ ልትመጡ መሆኑን ለምን ትናገራላችሁ? እኔ የገዛ ልጄ ቤት ስሄድ እንኳ አልናገርም" አልኳት።

"ደንቡ አስቀድማችሁ በደብዳቤ አሳውቁ ይላል" አለች። "ደብዳቤያችን ሲደርስ ቦቴውም አብሮ ይደርሳል፤ እሱንም እናውቃለን።" ቀጥላም "ተመልሶ ማየት ግን አልተከለከለም። ምርቃቱ የሚነሳው የት ነው?" አለችኝ።

"የሰሙት ሰዎች ባሉበት።"

በሌላው ሳምንት ሴትየዋ ለማንም ሳትናገር መጣች። ሶዶ ያለው ልጄ ቤት ደጃፍ መኪናዋን አቁማ አሳፈረችኝ። መንደሩ ስንደርስ ቦኖው ላይ ፍየል ታስሯል። ቧንቧውን ከፈተች፤ ምንም የለም። ሴቶቹ ከወንዝ ጀሪካን ተሸክመው ሲመለሱ አገኙን። በሥራ ልብሳቸው፣ ላብ በላብ ሆነው ከበቡን። ሊቀመንበሩም እየሮጠ መጣ፤ የሸሚዙን ቁልፍ አሳስቶ ቆልፎታል።

ደረቁ ቧንቧ ላይ እጄን አሳረፍኩ። "ያን ቀን እዚህ የመረቅሁት ምርቃት ውሸት ላይ ወድቋል። በእናንተ ፊት አንስቻለሁ። አልመረቅሁም" አልኩ።

"አሜን" አሉ። ይሄኛው አሜን ከሆድ የወጣ ነበር። ፋንታዬ ጀሪካኗን መሬት ላይ ዱብ አደረገችና "አሁን ጠይቂን" አለቻት ሴትየዋን። ከዚያ በኋላ ማን ዝም ያሰኛቸዋል። አማረች ሳትቀር ሕፃኑን ታቅፋ መጥታ ተናገረች።

መጨረሻው እንዳማረ አድርጌ አላወራም። በዚያ በልግ ማዳበሪያው ለመንደሩ ዘግይቶ መጣ። የአማረች ባል "እማማ፣ እርስዎ ተናግረው ይሄዳሉ፣ የምንቀረው እኛ ነን" አለኝ። እውነቱን ነው። ሊቀመንበሩም ከዚያ ወንበር ተነስቶ ሌላ ወንበር ላይ ተቀምጧል ይሉኛል። ይሄን ስሰማ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ፓምፑ ግን ተጠገነ። የኦዲተሮቹ ሪፖርት ከላይ ተነቦ ነው አሉ። ሕፃኑም ደህና ነው፤ ድክ ድክ ይላል።

ሲጠገን ድንኳን ተክለው፣ ወንበር አዘጋጅተው፣ መኪና ላኩልኝ። "መጥተው ይመርቁ" አሉኝ። አዲሱ ሊቀመንበር ራሱ ነው ጉኑኖ ድረስ የመጣው፤ ቁጥብ ልጅ ነው፣ እሱን ቅር ማሰኘት አልፈለግሁም ነበር።

"ልጄ፣ በጠራኸኝ ቀን አልመጣም" አልኩት። "ባልጠራኸኝ ቀን ነው የምመጣው።"

እንዳልኩት ነው የማደርገው። ቆላ በወረድኩ ቁጥር አማረች ቤት ከመግባቴ በፊት ቦኖው ጋ እሄድና ቧንቧውን እከፍታለሁ። እስካሁን አንዴ ደርቆ አግኝቼዋለሁ፤ ያን ቀን አዲሱ ሊቀመንበር ጠጋኝ ለማምጣት ራሱ ሄዶ ነበር። ሌላውን ጊዜ ይፈስሳል። ሴቶቹ ወረፋ ላይ ሲጣሉ አገኛቸዋለሁ፤ ጥላቸውን ስሰማ ደስ ይለኛል።

"የአማረች እናት፣ ይሄው ውሃው፤ አሁንስ አትመርቂም?" ትለኛለች ፋንታዬ።

"ሌላም በጋ ይምጣና እንየው" እላታለሁ። በመዳፌ ቀድቼ እጠጣለሁ፣ ቧንቧውን እዘጋለሁ። ምርቃቴን ግን ገና ከአፌ አላወጣሁትም።