ጋሼ ተሰማ የላሱት ጽጌረዳ

ልጅ ሳለሁ፣ ተረት ማለት አንድ ትልቅ ሰው ተቀምጦ የሚናገረው፣ ልጆችም ማስረጃ የማይጠይቁበት ነገር ነው ብዬ አምን ነበር። ይህ ትርጉም እስከ ፈረንጆቹ 2021 ሰመር ድረስ በደንብ ሠርቷል።

ያኔ በኮሮና ምክንያት እንግዳ ቤት ስለማይገባ፣ በምንኖርበት የፈረንጅ አገር ሰፈር፣ በኢስትሙር፣ ጎረቤታችን የሆኑት ጋሼ ተሰማ ሲመሻሽ ወደ ጓሯችን እየመጡ፣ ሥጋ ከተጠበሰበት ፍም ዳር፣ ከእኛ ራቅ ብለው ይቀመጡና ፍሙ አመድ እስኪለብስ ይተርኩልን ነበር። በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ላይ ሠርተዋል፤ ተረታቸውም ሁሉ ከዚያ ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው የአንዲት አትክልተኛን ተረት ነበር። የባሕሩ ነፋስ የቦጋንቪላ አበባዋ ላይ ጨው ስለሚነሰንስ፣ የሰፈሩ ፍየሎች ቅጠሉን ሊልሱ አጥሩ ላይ ይወጣሉ፤ እሷም ፀሐይ ስትጠልቅ ቅጠሉን አንድ በአንድ ታጥባለች።

«ኖ ዌይ!» አለ ወንድሜ ናቲ አንድ ምሽት። «ጋሼ፣ ይቺን እንኳ ፈጠሯት።»

ጋሼ ተሰማ አልተቆጡም፤ ተነሥተው ሄዱ። ሦስት ቀን ሙሉ አልመጡም። በአራተኛው ቀን አጥሩ ጋ ቆመው፣ «ቅዳሜ ኦፍ ነኝ። ባሕሩ ጋ እወስድሃለሁ፤ ራስህ ትቀምሳለህ» አሉት።

ባሕር ያሉት በስተሰሜን ያለውን የኢሪ ሐይቅ ነው፤ ማዶው ስለማይታይ ባሕር መስሏቸዋል። ውሃው ጨው እንደሌለው እኔ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። ያደግሁት ግን ትልቅ ሰው አይታረምም እየተባልኩ ስለሆነ፣ ዝም ብዬ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ሐይቁ ዳር ባለው የአትክልት ስፍራ ጽጌረዳው ፈንድቶ ንብ ያንዣብብበታል። ጋሼ አበባው ፊት ረጅም ጊዜ ቆሙ። «እዚህም ለአበባ የሚደክም ሰው አለ» አሉ። ከዚያም ማስካቸውን ወደ አገጫቸው ዝቅ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው አንድ ቅጠል ላሱ። ባርኔጣ ያደረጉ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት እርምጃቸውን ገትተው አዩአቸው።

«እ?» አለ ናቲ።

ጋሼ ቅጠሉን እያገላበጡ አዩት። ፊታቸውን ማየት ስለከበደኝ ያንኑ ቅጠል ላስኩና፣ «ጨው አለው» አልኩ።

ናቲም ላሰ። «ምንም የለውም! ሌክ እኮ ነው ጋሼ፤ ፍሬሽ ዋተር ነው።»

ጋሼ ግን የሚያዩት እኔን ነበር። «ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነውር መስሎኝ።»

«ሁለት ሰዓት ተኩል ነዳሁ እኮ፣ አንቺ ልጅ!»

ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ አግዳሚ ወንበር ፈልገው እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ። ወደ ቤት ስንመለስ የአትክልተኛዋን ተረት ከመጀመሪያው ጀመሩት። ናቲ እስከ መጨረሻው ሰማቸው።

የጽጌረዳውን ቀለም ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት፣ አክብሮት ብዬ የያዝኩት ዝምታ አንድ ሽማግሌ በሰው ፊት ቅጠል እንዲልሱ ማድረጉን ነው። ጋሼ ተሰማም ከዚያ ወዲህ ሲተርኩ መሐል ላይ ቆም ይሉና፣ «እህ፣ አንቺ፣ የምታርሚው አለ?» ይሉኛል።

እስካሁን ሁለት ጊዜ አርሜያቸዋለሁ። አንዱን ተቀብለዋል።