የዓሣ ነባሪው ጅራት

ሐምሌ 2008፣ ቅዳሜ ከንጋቱ 1 ሰዓት፣ ሰንሻይን

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አባዬ ሁለት ሹራብና ካፖርት ለብሶ፣ ጋቢውን ከላይ ደርቦ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። እኔ ላቨርተን ኖርዝ የምሠራበት መጋዘን የዛሬውን ሺፍት ከጓደኛዬ ጋር ስዋፕ አድርጌያለሁ። የምንሄደው ፊሊፕ ደሴት፣ ዓሣ ነባሪ ለማየት ነው። እኔን ለመጠየቅ ባሕር ማዶ የመጣው አባዬ ማክሰኞ ወደ አሰላ ይመለሳል። ግላኮማ ዓይኑን ከዳር ከዳር እየበላው፣ አሁን የሚያየው ፊት ለፊቱ ያለውን ብቻ ነው፤ ሐኪሙም የጠፋው አይመለስም ብሎናል።

እውነቱን ልናገር፤ የጀልባውን ትኬት ቡክ ያደረግሁት ለዓይኑ አዝኜ ብቻ አይደለም። ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማረኝ እሱ ነው። የመምህር ልጅ መሆን፣ አዳላ እንዳይባል ከሁሉ በላይ መቀጣት ነው። ክፍል ውስጥ «አባዬ» ማለት ክልክል ነበር፤ «ቲቸር» ብቻ። አንድ ቀን ዓሣ ነባሪ ሣሉ አለን። ጎረቤት ቤት ግድግዳ ላይ ካየሁት ካላንደር አስታውሼ ጅራቱን ጠፍጣፋ፣ ግራና ቀኝ የተዘረጋ አደረግሁት። እሱ ሰሌዳ ላይ የሣለው እንደ ማንኛውም ዓሣ ቀጥ ብሎ የቆመ ጅራት ነበር። ወረቀቴን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ ለክፍሉ አሳየ። «ይሄ ዓሣ ነባሪ ሳይሆን አውሮፕላን ነው!» ዜሮ። ዓመቱን ሙሉ ስሜ አውሮፕላን ሆኖ ቀረ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያንን ጅራት ዓይኑ ሳይጠፋ እንዲያይልኝ እፈልጋለሁ።

ከጠዋቱ 3፡30፣ ፊሊፕ ደሴት

መንገዱ በጉም የተሸፈነ ሜዳ፣ አጥር፣ ላም፣ ደግሞ ላም።

«ይሄን ሁሉ ማን ያልበዋል?»

«ማሽን ነው፣ አባዬ።»

«ላሟስ ዝም ትላለች?»

ወደቡ አጠገብ ካለ ዳቦ ቤት ትኩስ የሥጋ ፓይ ገዛሁለት። አገላብጦ አየውና «ሳምቡሳው ምን ነክቶት ነው እንዲህ ያበጠው?» አለ። ያበጠውን ሳምቡሳ ግን ፍርፋሪ ሳያስቀር በላው።

ከጠዋቱ 5 ሰዓት፣ ባሕር ላይ

ጀልባዋ ባለሁለት ፎቅ ናት፤ ተሳፋሪው አብዛኛው የርቀት መነጽር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አዛውንት ፈረንጅ ነው። ከወደቡ ርቀን ማዕበሉ ሲያነሳንና ሲጥለን ባሕር አይነካኝም ስል የነበርኩት ፎካሪዋ እኔ ለማስመለስ ወረቀት ከረጢት ላይ ተደፋሁ። አባዬ ጀርባዬን እያሻሸ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይለኛል። ለሰማንያ ሊቃረብ ነው፤ ማዕበሉ ምንም አላደረገውም።

አንድ ሰዓት አለፈ። ምንም የለም። አስጎብኚዋ በማይክሮፎን «ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንመለሳለን» አለች። ማክሰኞ ሊሄድ ነው፤ ሌላ ቅዳሜ የለንም።

ድንገት በስተግራ ፑፍ የሚል ድምፅ ሰማን፤ ነጭ ጭስ የመሰለ ውሃ ወደ ላይ ተተፋ። ሰው ሁሉ ጮኸ።

«የት ነው? የት ነው?» አባዬ ጭንቅላቱን ወዲያ ወዲህ ያደርጋል። እኔ ቀዝቃዛ ጉንጮቹን በሁለት እጄ ያዝኩና ፊቱን አዞርኩት።

«እዚያ ነው። ቀጥ ብለህ እይ።»

ጥቁር ጀርባ ወጣ፣ ጎበጥ አለ፣ ቀጥሎ ጅራቱ ተነሣ። ጠፍጣፋ ነው፤ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ፣ ከዳርና ከዳሩ ውሃ እየወረደ። ጥቂት ቆየና ሰጠመ።

ለዚህች ቀን ብዬ ስንት ዓመት ያስቀመጥኩትን «አየህ?» ልለው ስል ቀደመኝ።

«አውሮፕላን» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ለካ የወጋውም አልረሳም። በራሴ አፈርኩ፤ አቅፌው አለቀስኩ።

ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ሰንሻይን

ቤት እንደገባን ጋቢውን ሳያወልቅ እስክሪብቶ ጠየቀኝ።

«ቀይ ካለሽ።»

የልጄን የትምህርት ቤት ቦርሳ በርብሬ አገኘሁለት። ትኬቱን ገልብጦ፣ ወረቀቱን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ሣለ። ዳር ዳሩ ስለማይታየው የዓሣ ነባሪው ሆድ ተጣሟል፤ ጅራቱን ግን ደጋግሞ አስተካከለው፣ ጠፍጣፋ አድርጎ። ከጎኑ ስሜን፣ «ትዕግስት፣ 6ኛ ሀ» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ 10/10።

በሁለት እጄ ተቀበልኩት። «አመሰግናለሁ፣ ቲቸር» አልኩት፣ ልቀልድ ብዬ።

እሱ ግን አልሳቀም።

«ክፍለ ጊዜው አልቋል» አለኝ። «አባዬ በይኝ።»