ወገብ የለመደው ብረት

ሸረፋ ሽጉጥ ከመታጠቁ በፊት ቡታጅራ የምታውቀው በእቅፉ ነበር። ሰው ሲያገኝ እጁን ዘርግቶ መጨበጥ አይሆንለትም፤ ሁለት ክንዱን ከፍቶ ይመጣና ጎድን እስኪንቋቋ እቅፍ ያደርጋል። «አሰላሙ ዐለይኩም» የሚለው የታቀፈው ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ነው። የበርበሬ ነጋዴ ስለሆነ ከሸሚዙ ላይ ብናኝ አይጠፋም፤ እሱ ያቀፈው ሁሉ ሲያስነጥስ ይውላል። ይስቁበት ነበር። ከሩቅ ሲያዩት መንገድ የሚቀይሩም አልጠፉም። ቢሆንም የወደዱት ሁሉ የወደዱት በዚሁ አመሉ ነው።

አመሉን የወረሰው ከታላቅ ወንድሙ ከሙሀይሚን ነው። አባታቸው ሲሞት ሸረፋ ገና የወተት ጥርሱን ያልጨረሰ ልጅ ነበር። ሙሀይሚን መስቃን ገጠር ከአባታቸው ቤት ሳይነቃነቅ፣ እንሰቱን እየተከለና ላሟን እያለበ ታናሹን አሳደገው፣ አስተማረው፣ ዳረው። ከተማ ገብቶ በርበሬ እነግዳለሁ ሲለውም ያለችውን አንድ በሬ ሸጠለት። ስለዚህ ሸረፋ ሱቅ ከፍቶ፣ መጋዘን ይዞ፣ ሆዱም ትንሽ ገፋ ካለ በኋላ አረፋን ሌላ ቦታ አሳልፎ አያውቅም። ሚስቱን ነዒማንና ልጆቹን ይዞ ወደ ሙሀይሚን ይሄዳል፤ ሙሀይሚን በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ሲተቃቀፉ ልጆቹ ማን ቀድሞ ይለቅ ይሆን እያሉ ይወራረዳሉ።

ይህን ሁሉ ያበላሸው አንድ የሐምሌ ከሰዓት በኋላ ነው። ሸረፋ አዲስ አበባ በርበሬውን አራግፎ ሲመለስ፣ ከቡኢ ወዲህ መንገዱ ላይ ድንጋይ ደርድረው የጠበቁ ሰዎች አይሱዙውን አስቆሙት። ሹፌሩን ቀጠቀጡት። ሸረፋንም ደብድበው ጭቃው ውስጥ በሆዱ አስተኝተው አፈሙዝ ማጅራቱ ላይ ደቀኑበት። የያዘውን ወሰዱ፤ ነፍሱን ተዉለት። ነፍሱን ብቻ ግን፤ ጭቃው ውስጥ የቀረ ነገር ነበር።

ሐኪም ቤት ተኝቶ ሰው ሲጠይቀው አንድ ነገር አእምሮውን ይበላው ጀመር። የሚመለስበትን ሰዓት ማን ነገራቸው? ከእሱና ከሹፌሩ ሌላ የሚያውቀው ራምዚ ብቻ ነው፤ የሙሀይሚን ልጅ፣ መጋዘኑን የሚጠብቅለት ልጅ። ራምዚ ደግሞ ያን ቀን ስልኩን አላነሳም ነበር። በቃ፣ ይህቺ ብቻ በቃችው። ጠያቂ ክፍሉን ሞልቶት ሳለ፣ ሙሀይሚን ራሱ የወተት ጠርሙስ ይዞ ራስጌው ቆሞ ሳለ፣ «ያስዘረፈኝ የገዛ ወንድሜ ልጅ ነው!» አለ ሸረፋ። ካፍ ከወጣ አፋፍ። ሙሀይሚን ጠርሙሱን አስቀመጠና ወጣ።

ዘራፊዎቹ ከወራት በኋላ ተያዙ። ጠቋሚው በርበሬው የሚራገፍበት ሰፈር የሚውል ደላላ ሆኖ ተገኘ። ራምዚ ግን ከዚያ በፊት ከመጋዘኑ ወጥቶ፣ አገሩንም ትቶ፣ ጉብሬ ገብቶ የሰው ባጃጅ ይነዳ ነበር። ቡታጅራ ውስጥ ሌባ የተባለ ሰው ንጹሕ መሆኑን ለማስረዳት በየቤቱ እየዞረ ማንኳኳት አለበት፤ ሌባ ያለው ሰው ግን አንድ ቀን ጮሆ ይተኛል።

ሸረፋ ግን አልተኛም፤ ፈራ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ መንገድ ዳር ሁለት ሰው ቆሞ ካየ ላብ ያጠምቀዋል። ፈቃድ አወጣና ሽጉጥ ገዛ። አያያዙን ያሳየው ጎረቤቱ ኪዱ ነው፤ ጡረታ የወጣ ወታደር፣ ከእሱ በቀር ሌላው ሁሉ ሽጉጥ አያውቅም ብሎ የሚያምን ሰው።

«አቶ ሸረፋ፣ ሽጉጥ እንደ አዲስ ጫማ ነው» አለው። «እስክትለምደው ይልጥሃል።»

ላጠውም። መጀመሪያ ከፊት፣ ከእምብርቱ በታች ሻጠው፤ በተቀመጠ ቁጥር ብረቱ ሆዱን ወደ ላይ እየገፋ ትንፋሽ ነሣው። ሚኒባስ ውስጥ ከፊት ወንበር ጋር ተጣብቆ ወልቂጤ ድረስ የሄደ ቀን ሲወርድ ቀጥ ብሎ መቆም አቃተው። ወደ ጀርባው አዞረው፤ የወንበሩ መደገፊያ አከርካሪው ውስጥ ቀረቀረው። ባዶ ገላው ላይ ሲያደርገው ላቡ ብረቱን አዛገው፣ ብረቱም ቆዳውን መለጠው። ነዒማ ማታ ማታ ቁስሉን ቅባት ትቀባዋለች፤ እየቀባችም ትሰድበዋለች።

«ሌባው አንዴ ነው የመታህ፤ አንተ በየቀኑ ራስህን ትመታለህ።»

ሰው ግን የማይለምደው ነገር የለም። ቆዳ የሚሰፋ ሰው ዘንድ ሄዶ ሱሪ ውስጥ የሚገባ ቀጭን አፎት አሰፋ። ወፍራም ቀበቶ ገዛ፤ የላላ ቀበቶ ብረት አይሸከምም። ሱሪውን ሁሉ ወገቡ ላይ አሰፋው፣ ኮቱንም አንድ ቁጥር ከፍ አደረገ፤ ካናቴራውን ከብረቱና ከገላው መሀል አስገባ። ቦታውንም አገኘለት፤ በቀኝ በኩል፣ ከዳሌው አጥንት ጥቂት ወደ ኋላ፣ ሥጋ ገባ ያለበት ጉድጓድ። ሲቀመጥ አይወጋ፣ ሲነሣ አይንሸራተት፣ ከኮቱም በላይ አይታይ። ያን ቀን ሸረፋ ልጅ እንደ ተወለደለት ሰው ነበር። ኪዱን ምሳ ጋበዘው።

ለምቾቱ የከፈለውን ግን አላየውም። ማቀፍ ተወ። የሚያቅፍ ሰው ክንዱን ሲያነሣ ኮቱ አብሮ ይነሣል፤ የታቀፈውም ሰው እጁን የት እንደሚያሳርፍ አይታወቅም። ስለዚህ ሰው ሲመጣ ሸረፋ ቀኝ ጎኑን ሸሸግ አድርጎ እጁን ብቻ ይዘረጋ ጀመር። መስጊድም ሲሄድ ከኋላው ሰው እንዳይኖር የመጨረሻው ሰልፍ ላይ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ይሰግዳል። «ሸረፋን ገንዘብ አኮራው» ተባለ። ሰማው፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ አለፈው። እያደር ብረቱ ከሰውነቱ ተቆጠረ። ጠዋት ሰዓቱን እንደሚያስረው ያስረዋል፤ እጁ ሥራውን ያውቃል፣ ልቡ ሌላ ቦታ ነው።

ልቡ ደግሞ ሙሀይሚን ዘንድ ነበር። ሁለት አረፋ በከተማ አለፈ። ሥጋው አልጣመውም፤ ነዒማ ክትፎውን ብታጣፍጠውም አይወርድለትም። ሽማግሌ ላከ፤ ሀጂ ናጃህንና የአባታቸውን የልብ ወዳጅ አቶ ደበሌን። ሙሀይሚን መጀመሪያ እሺ አላለም። «እኔን ቢሰድበኝ ኖሮ ድሮ ረስቼው ነበር፤ ልጄን ነው» አለ። ሽማግሌዎቹ ተመላለሱ፣ ደጁ ላይ ቆሙ፣ ለመኑ። በመጨረሻ ለአረፋ ይምጣ አለ። ራምዚንም ከጉብሬ አስመጣዋለሁ፤ ይቅርታውን ልጄ ፊት ይጠይቅ አለ።

የአረፋ ቀን ሸረፋ ከተማ ሰግዶ ወደ ቤት ገባና ልብሱን ቀየረ። ነዒማ አዲሱን ሱሪና ኮት አልጋው ላይ ዘርግታለታለች። የሚናገረውን በልቡ እየደጋገመ ለበሰ። «ጋሼ፣ አፉ በለኝ። ራምዚ፣ አንተም አፉ በለኝ።» መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ይል ነበር።

የዕርቅ ሥርዓት የታወቀ ነው። ለዕርቅ የተጠራ ሰው ብረት ቀርቶ በትር ይዞ አይገባም። ሀጂ ናጃህ የሚመረኮዙበትን ዱላ አጥሩ ላይ አስደገፉ። አቶ ደበሌም እንደዚሁ። ሸረፋም ዣንጥላውን ከዱላዎቹ ጎን አስደገፈ፤ ልቡ ንጹሕ ነበር፣ ዣንጥላውን እንኳ ትቼ ገባሁ ብሎ ደስ አለው።

ሙሀይሚን ከቤቱ ፊት ሣሩ ላይ በርጩማ አስቀርቦ ተቀምጧል፤ ራምዚ ከጎኑ ቆሟል። ሸረፋ ያጠናውን ሁሉ ረሳው። ሄዶ ወንድሙ ጉልበት ላይ ወደቀና አለቀሰ። «አፉ በለኝ ጋሼ፤ ምላሴ ይቆረጥ!» አለ። ወደ ራምዚ ዞሮ የእሱንም እግር ሊስም ሲል ልጁ ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። ሀጂ ናጃህ ዱዓ አደረጉ። አቶ ደበሌ እንባቸውን ጠረጉ። ሙሀይሚን ብድግ ብሎ ወንድሙን በሁለት ክንዱ አንሥቶ አቀፈው፤ እንደ ድሮው፣ ጎድን እስኪንቋቋ። ሸረፋም አቀፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንንም ያላቀፈ ሰው፣ ክንዱን ከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አቀፈ። ደስታው እንዲህ ነበር።

የሙሀይሚን ግራ እጅ ግን በወንድሙ ቀኝ ወገብ ላይ አርፎ ቆመ። ጣቶቹ በኮቱ ላይ ሄዱ፣ እጀታውን ዳሰሱ፣ ተመለሱ። ሸረፋ ወንድሙ ክንዱ ውስጥ ሲደርቅ ተሰማው። ያኔ ነው የታጠቀው ትዝ ያለው። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሙሀይሚን ሰው ፊት አልተናገረም። በሬው ታርዷል፣ ሽማግሌዎቹ ተደስተዋል፣ ሴቶቹ እልል ብለዋል። ቆጮው መጣ፣ ክትፎው መጣ። ሙሀይሚን ወንድሙን በእጁ አጎረሰው። ሸረፋ ጉርሻውን እንደ ድንጋይ ዋጠው። ራምዚ መጀመሪያ ትንሽ ፈገግ ብሎ ነበር፤ በኋላ ግን አባቱን ወደ ጓዳ ተከትሎት ሲመለስ ዓይኑን ከምድር አላነሣም።

ሙሀይሚን ሸረፋን ሲሸኝ ሁለቱ ብቻ አጥሩ ጋ ቆሙ።

«ልጄን ይህን ያህል ትፈራዋለህ?» አለ ሙሀይሚን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ረስቼው ነው ጋሼ! ወላሂ ረስቼው ነው!»

«ሰው የታጠቀውን ሽጉጥ ይረሳል እንዴ ሸረፋ?»

ሸረፋ ምን ይበል? ስለ አፎቱ ያስረዳው? ስለ ወፍራሙ ቀበቶ፣ ሥጋው ገባ ስላለበት ጉድጓድ፣ እንዳይሰማው ብሎ ስለ ደከመው ድካም? እውነቱን ነው የተናገረው፤ ግን በዓለም ላይ ማንም የማያምነው እውነት ነበር።

«ዕርቁን አላፈርስም፤ የሽማግሌ ፊት አይረገጥም» አለ ሙሀይሚን። «ልጄ ግን ዛሬ ሁለተኛ ጊዜ ሌባ ተባለ፤ ያውም በገዛ ደጁ። በሰላም ግባ።»

ሸረፋ ቤቱ ገብቶ ሽጉጡን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። መጀመሪያ ያለ ብረት መሄድ አልሆነለትም፤ ቀኝ ጎኑ ቀለለውና የሚወድቅ መሰለው፣ ሞተር ብስክሌት ከኋላው ባለፈ ቁጥር እጁ ወደ ወገቡ ይሮጣል። ሽጉጡን ግን መልሶ አልታጠቀም። ፍርሃቱን እንደ ታመመ ሰው ቻለው። ሙሀይሚን ዘንድ ስልክ ይደውላል፤ ወንድሙ ያነሣል፣ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ ይነግረዋል፣ ነዒማንና ልጆቹን ይጠይቃል። ሁሉም ነገር አለ፤ አንድ «መቼ ትመጣለህ?» የምትል ቃል ብቻ ጠፋች። ሸረፋ ቀጣዩን አረፋ ጠበቀ። በባዶ ሸሚዝ እሄዳለሁ አለ፤ ኮቴን በር ላይ አወልቃለሁ፣ ያኔ ያየኛል፣ ያኔ ያምነኛል አለ። ለራምዚ ጫማ ገዛለት። ከአንድ ሳምንት በፊት ጀምሮ ነዒማን «እንዳንዘገይ» እያለ ነዘነዛት።

የአረፋ ጠዋት ሰግዶ ገብቶ፣ ልጆቹን እያጣደፈ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ራምዚ ነው። ባጃጁን ውጭ አቁሞ፣ በኮባ የተጠቀለለ ትልቅ ዕቃ በሁለት እጁ ይዟል። ሸረፋ ክንዱን ከፍቶ ሄደ።

ራምዚ ከደጃፉ አላለፈም። «አባቴ ነው የላከኝ፣ አጎቴ። ድርሻህ ነው፤ ሥጋውም ቆጮውም አለ። መንገዱ አይመቸውም፣ እዚያው ሆኖ ይብላ ብሏል።»

«እኛ እኮ እየመጣን ነው! ልብሳችንን ለብሰናል፤ ይኸው እያቸው ልጆቹን!»

ልጁ ዕቃውን ደፉ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ሸሚዙን በሁለት እጁ እስከ ደረቱ ገለጠና ቀስ ብሎ ዞረ፤ ሆዱን፣ ጎኑን፣ ጀርባውን አሳየው። ለስድብ አልነበረም፤ ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም። ፈሪ ሰው እንዳይደነግጥ የሚጠነቀቅ ጨዋ ልጅ ነበር።

«ባዶ ነኝ፣ አጎቴ» አለ። «ዒድ ሙባረክ።»

ባጃጁ አስፋልቱ ላይ እስኪወጣ ሸረፋ በሩ ላይ ቆመ። ነዒማ ዕቃውን አንሥታ ወደ ውስጥ ገባች፣ ልጆቹንም ጫማችሁን አውልቁ አለቻቸው።