ሳቂታዋ ዝም ያለችበት ዓመት

ሰፈሩ ሁሉ «ጽና» እያለ ነው የሚጠራው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ግን ራሱን ላመመውም፣ ከሥራ ለተባረረውም፣ ጣሪያው ለሚያፈስበትም የሚሰጠው መልስ ያው አንድ ስለነበር ስሙ እሱው ሆኖ ቀረ። «ጽና፤ ይኼ ገና ምን አለውና» ይላል። ሥራው ብየዳ ነው፤ በርና የመስኮት ፍርግርግ ይሠራል። የኔ ፀጉር ቤት ከሱ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ግራይንደሩ ብረት ሲቆርጥ የኔ መስታወት ይንቀጠቀጣል። በዚያ ሁሉ መንቀጥቀጥ መሃል ምላጭ ይዤ ስንት ሰው ጉሮሮ ላይ እንደቆምኩ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ወዳጅነታችን የጀመረው በዚሁ ጭቅጭቅ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከጸሎት ቤታችን ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ያስተምረን ነበር። ትምህርቱ በመጨረሻው ዘመን በክርስቲያን ላይ ስለሚመጣው መከራ ነው። መጋቢያችን እሑድ እሑድ ስለ ተስፋው ይሰብካሉ፤ ጽና ደግሞ ከተስፋው በፊት ስላለው መንገድ ያስተምራል። ቀኑ መቼ እንደሆነ ተናግሮ አያውቅም። ቀን ቆጥረው የሚመጡትን ሰዎች ከቁም ነገር አይቆጥራቸውም፤ መቼ እንደሚመጣ ማወቅ ምን ይጠቅማል፣ ሲመጣ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ይኑር እንጂ ይላል።

እናም ያለማምደን ነበር። ጠጠር ላይ ተንበርክከን እንጸልያለን። መጽሐፉ ቢወሰድብንስ ብሎ ምዕራፍ ምዕራፉን በቃላችን ያስጠናናል። በደረቅ ዳቦና በውሃ የምንከርምበት ጊዜም ነበር። ከሁሉ የሚብሰው የዝምታው ልምምድ ነው። ክንዳችንን ወደ ጎን ዘርግተን እንቆማለን፤ ትከሻችን እሳት እስኪሆን ድረስ። «ኧረ» ማለት ክልክል ነው፤ ማቃሰት ክልክል ነው። ያልተገራ ትከሻ በመጀመሪያው ሸክም ይሰበራል፣ ይለን ነበር።

ይህ ነገር ከየት እንደመጣበት ከቤተሰቡ ውጭ የማውቀው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አንድ ቀን ጢሙን ስላጨው ነገረኝ። እሱ ልጅ ሳለ አባቱ በእምነታቸው ምክንያት ታሰሩ። ተገረፉ። አልቻሉም፤ ካዱ፤ ተለቀቁ። ቤት ሲመለሱ ማንም ምንም አላላቸውም። ግን ፊታቸውን ሲታጠቡ እንኳ ይዘምሩ የነበሩት ሰው ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ጠፋ። ማዕድ ሲቀርብ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ወደ ግድግዳው ዞረው ነበር የሚበሉት። እንዲያው እንደዞሩ ሞቱ።

«አባቴን የገደለው ዱላው አይደለም» አለኝ፣ አረፋው አገጩ ላይ እንዳለ። «ሳይዘጋጅ መያዙ ነው። ሰውን ሳያሠለጥኑ ወደ እሳት መላክ ግፍ ነው።»

የቀረውን ጢሙን ላጨሁለት።

ሚስቱ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ነበረች። ስፌት ቤት ተቀጥራ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ሰዉ የሚያውቃት «ሳቂታዋ» በሚል ስም ነው። ሳቋ ከሷ ቀድሞ ቤት ይገባል። ጸሎት ላይ እንኳ አንዴ ከጀመራት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ካልጎሰጎሰች አታቆምም። እንዴት እንደተጋቡ የሚደነቅ ብዙ ሰው ነበር፤ እኔ ግን አውቃለሁ፣ በዓለም ላይ እሱን ማሳቅ የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች።

በክፍሉ ውስጥ ከሁላችን ሰነፏ እሷ ናት። ጠጠሩ ላይ ስትንበረከክ፣ ጉልበቴን ለመከራው ዘመን ባስቀምጠው ዛሬውኑ ሊያስጨርሰኝ ነው እያለች ታጉረመርማለች፤ እኛም በሳቅ እንፈርሳለን። አንድ ሐሙስ ክንዳችንን ዘርግተን በቆምንበት የመጀመሪያዋ ሆና እጇን ጣለችና፣ አውሬው እኔን ማሰር አያስፈልገውም፣ ብብቴን ኮርኮር ካደረገኝ እጄን እሰጣለሁ አለች። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ጽና ብቻ አልሳቀም። ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «አንቺ በመጀመሪያው ጥፊ ነው የምትክጂው» አላት። ቀጥሎም «እንደ አባቴ» አለ።

ሳቃችን እዚያው ደረቀ። እሷ እጆቿን መልሳ አነሣች። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ እስከ መጨረሻው አላወረደቻቸውም።

ከዚያ ቀን ወዲያ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ ተሰምቶ አያውቅም። ስፌት ቤት ትስቃለች፣ መንገድ ላይ ትቀልዳለች፤ ከቆርቆሮዋ ክፍል ከገባች ግን ድንጋይ ናት። ጠጠሩ ላይ ከሁላችን የምትቆየው እሷ ሆነች። ጽና ኩራቱን የሚደብቅበት አጥቶ ወንበሬ ላይ ቁጭ እያለ «አየሃት? ብረት ሆነችልኝ እኮ» ይለኝ ነበር።

ዓመቱ እንዲህ ሆኖ አለፈ። ከሳች፤ ጾም በዝቶባት ነው አልን። የግራ እጇን ማንሳት ተወች፤ ልብስ ስታሰጣ በቀኟ ብቻ ትወረውራለች። የሥራ ጓደኞቿ ሲጠይቋት እርጅና ቤቴን እየለመደው ነው ትላቸዋለች። ሰው ቀልደኛን አጥብቆ አይጠይቅም።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሌላ ከተማ አስተማሪ ናት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ መጣች። እናቷን ስታቅፋት፣ እናትየዋ ሰውነቷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ኋላ አለች። ያኔ አንድ መጥፎ ሽታ በልጅቷ አፍንጫ ገባ። እጇን ይዛ መኝታ ቤት አስገባቻት፤ በግድ አስወለቀቻት። በግራ ጡቷ ላይ የዩኒፎርም ቁርጥራጭ ጨርቅ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በሥርዓት ተደራርቦ ታስሯል። ከሥሩ ያለው ቁስል ነው። እብጠቱ ፈንድቶ ተከፍቷል።

ልጅቷ አልጮኸችም። መንገዱን ተሻግራ ወደ ብየዳ ቤቱ መጣችና የመብራት ቆጣሪው ላይ ማብሪያውን ወደ ታች ደፈቀችው። እኔ የብየዳው ድምፅ በድንገት ጸጥ ሲል ነው ብቅ ያልኩት። ጽና የብየዳ መከላከያውን ከፊቱ ገፍቶ ግራ ገብቶት ይመለከታታል።

«እናቴ በቁሟ እየበሰበሰች ነው» አለችው። «አንተ እዚህ የሰው በር ትበይዳለህ።»

ሆስፒታል የመረመረቻት ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀች። ሳቂታዋ ከዓመት በላይ እንደሆነው ነገረቻት። ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ሳይመጡ ስትላት ባሏን ዞር ብላ አየችና ፈገግ አለች።

«እየተለማመድኩ ነበር፣ የኔ ልጅ።»

ሐኪሟ አልገባትም። ለሚገባው ግን ገባው። ጽና ግድግዳውን ተደግፎ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሰው እየተሻገረው ሲያልፍ እንኳ መነሳት አልቻለም።

በሽታው አጥንት ገብቶ ነበር። ሕመሙን ከማስታገስ በቀር የሚደረግ ነገር የለም ተባሉና ወደ ቤት ተመለሱ። ጽና ሱቁን ዘጋ። ቁስል ማጠብ ተማረ፤ ያ ብረት የለመደ ሻካራ እጅ ጨርቁን በሙቅ ውሃ እያራሰ ቀስ አድርጎ ሲያላቅቅ አይቻለሁ። እሷ ሕመሙ ሲመጣ የአንሶላውን ጫፍ ትነክሳለች እንጂ ትንፍሽ አትልም። ይለምናት ነበር። ጩኺ እባክሽ፣ ጎረቤት ቢሰማ ይስማ፣ ይላታል። እሷ፣ ታዲያ ምኑን አሠለጠንከኝ ትለዋለች፤ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልለይ አለው።

አንድ ቀን እጁን ይዛ ምሥጢሩን ራሷ አወጣችው። «መጀመሪያ ላይ ልነግርህ ነበር» አለችው። «ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ኋላ ግን፣ ይቺን ችዬ ዝም ካልኩ ያንን ቀን እችለዋለሁ፣ ባሌም በኔ አያፍርም አልኩ።»

ይህን የነገረኝ እሱ ነው፤ ሲነግረኝ ግንባሩን የምንጋራው ግድግዳ ላይ አስደግፎ ነበር።

ከዚያ በኋላ በአንድ ቀትር ላይ ጮኸች። ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። እየሮጥን ግቢያቸው ስንገባ ሌላ ድምፅ አብሮ ይሰማል፤ እሱ ነው። ደረቱ ላይ አቅፏት፣ ቃል የሌለው፣ ጸሎት ይሁን ልቅሶ የማይለይ ጩኸት አብሯት ይጮሃል። በሩ ክፍት ነበር፤ ማናችንም አልገባንም። ሴቶቹ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ ቁጭ አሉ። ሲበርድላት እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ ለልጇ ቀለለኝ ብላ ነገረቻት።

ብዙ አልቆየችም። አንድ ማለዳ ልጇ ፀጉሯን እያበጠረችላት ሳለ አረፈች።

በቀብሯ ላይ መጋቢያችን ስለ ትዕግሥቷ ተናገሩ። ያን ሁሉ ሥቃይ አንድም ቀን ሳታጉረመርም ተሸከመችው፤ ለእኛ ለመጨረሻው ዘመን ሰዎች ምሳሌ ትሁነን አሉ። ሰዉም አሜን አለ። ጽና ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቀና አለ።

«እንደሱ አይበሉ፣ መጋቢ» አለ። «ያን ዝምታ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እግዚአብሔር አይደለም። ብትጮህ ኖሮ ዛሬ ቤቷ ነበረች።»

መጋቢው አንገታቸውን ደፉ። ልጅቷ አባቷን አላየችውም። ሐዘኑ እንዳበቃ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች፤ ቢደውልም አታነሳም።

ጽና ክፍሉን ለመተው ወደ መጋቢው ሄዶ ነበር። እሳቸው ግን መከራው እኮ አንተ ስለተውከው አይቀርም፣ እኛን ማን ያዘጋጀን? አሉት። ብዙ ጊዜ ከቆየ በኋላ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ጠጠሩን በአካፋ ዝቆ አወጣው። ክንድ መዘርጋት ቀረ። ከመካከላችን በጥበቃ ሥራ የሚተዳደረው፣ ከሁላችን ጠንካራ የነበረው ሰው፣ ጽናን ሐዘን አልፈሰፈሰው ብሎ ግማሹን ሰው ይዞ ወጣ። የቀረነው ጥቂት ነን። ቃሉን አሁንም በቃላችን እናጠናለን፤ ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዳችን የት እንደሚያመን እንናገራለን። መጀመሪያ ሰሞን አፈርን። አብሮን የሚማር አንድ ጫማ ሰፊ ዓይኑ መርፌው ቀዳዳ ላይ እንደማያርፍለት ለመናገር ስንት ሐሙስ ፈጀበት።

አንድ ጊዜ ጽና ስለ አባቱ ለሁሉም ነገራቸው። «እኔ ዕድሜ ልኬን ያልተዘጋጀው እሱ ይመስለኝ ነበር» አለ። «ያልተዘጋጀነውስ እኛ ነን። ተመትቶ ሲመጣ አንዳችንም አጠገቡ ቁጭ ብለን አላለቀስንም። ፊቱን አዙሮ ሲበላ ጀርባውን እያየን በላን።» ከዚያ በላይ አላብራራም፤ ስለ መጨረሻው ቀን ካስተማረን ሁሉ ግን እኔ የያዝኩት ይህንን ነው።

አብራን የምትማር ዳቦ ሻጭ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ አንድ ሐሙስ ተራዋ ሲደርስ ከወራት ጀምሮ ደም እንደሚፈሳት መሬት መሬቱን እያየች ተናገረች። ጽና መጽሐፉን ዘጋ። ትምህርቱን እዚያው አቁሞ፣ ነገ እሄዳለሁ ስትል አይሆንም ብሎ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ወሰዳት። እኔም አብሬ ሄድኩ። ያው ጽና የተቀመጠበት ኮሪደር ነው። ገና በጊዜ ነው የመጣችሁት ተባልን፤ ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ዳነች።

መዳኗ በተነገረን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጽና ፀጉር ቤቴ መጣና ከኔ ስልክ ወደ ልጁ ደወለ። ቁጥሩን ስለማታውቀው አነሳች። ዳቦ ሻጯ መትረፏን ነገራት። ድምጿ ለኔም ይሰማኝ ነበር።

«እሰይ» አለች። ቆይታም፣ «እናቴንም እንዲህ ይዘሃት ሮጠህ ቢሆን ኖሮ፣ አባዬ» አለችው።

«አዎ» አላት።

አልዘጋችውም። እሱም አልዘጋውም። ሁለቱ እየተነፈሱ፣ አንዳንዴም እያለቀሱ ስልኩን እንደያዙ ቆዩ። እኔ መጥረጊያዬን አንስቼ የጠረግኩትን ወለል እንደገና መጥረግ ያዝኩ።