«ጎን» ማለት ሄዷል ማለት ነው

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ በሀዲያዋ ከተማችን በጊምቢቹ የእንግሊዝኛ ግሥ እንደኔ የሚያውቅ ተማሪ አልነበረም። መምህራችን ሦስቱን ረድፍ በቃላችን ያስወጡን ነበር፦ ጎ፣ ዌንት፣ ጎን። ሦስተኛው ብቻውን አይቆምም፤ «ሃዝ» ወይም «ሃቭ» ይቀድመዋል ይሉናል። ቤታችን የሚወራው ሀዲይኛ ነው፤ አማርኛው የትምህርት ቤትና የገበያ ነው። እንግሊዝኛ ግን ከቤቱ ሰው ለእኔ ብቻ ነበር፤ እናቴም ትኮራብኝ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ እንደ ሰፈራችን ጎረምሶች ሁሉ ደቡብ አፍሪካ ነበር፤ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ሱቅ ይሠራል። እሑድ እሑድ ከቸርች ስንመለስ ይደውልልናል። አንድ እሑድ ሳይደውል ቀረ። በማግስቱ አባቴ ስልኩን ሰጠኝና «እስቲ አንቺ ሞክሪ» አለኝ።

የእሱ ስልክ አልነሳ ሲል አንዳንዴ የሚደውልበትን ሌላ ቁጥር ሞከርኩ፤ አንዲት ሴት አነሳች። ወንድሜ የተከራየበት ቤት ባለቤት ናት። እሱን ስጠይቃት «ሂዝ ጎን፣ ማይ ቻይልድ። ሂዝ ጎን» አለችኝ። የት ብዬ ሳልጨርስ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ የእሱም የእሷም ስልክ ዝግ ሆነ።

«ምን አለችሽ?» አለች እናቴ።

«ሄዷል አለች።»

«ወዴት?»

«አልነገረችኝም። ያንን ቤት ለቆ ሄዷል ማለት ነው።»

አባቴ አሰብ አደረገና «ጆሃንስበርግ ገብቶ ይሆናል። ትልቁ ከተማ እሄዳለሁ ሲል አልነበር?» አለ። የእናቴ ፊት በራ።

በሳምንቱ አጋማሽ፣ ቸርች ውስጥ፣ እናቴ ለምስክርነት ተነሳች። ልጄ ከዚያ ጠባብ ሱቅ ወጥቶ ወደተሻለ ስፍራ ሄዷል፣ ጌታ መንገዱን ከፍቶለታል አለች። ጉባኤው «አሜን» አለ። ከኋላችን የተቀመጠች ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ወጣች። እናቴ መንፈስ የነካት መሰላት።

ዓርብ ገና ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎችና የቸርች መሪዎች ግቢያችንን ሞሉት። መርዶ ነበር። ወንድሜን ሱቁ ውስጥ ተኩሰው ገድለውታል። እዚያ ያሉ የአገራችን ልጆች ያኔውኑ ለየቤተሰባቸው ደውለዋል፤ ፎቶውም በየስልኩ ዞሯል። ከእኛ በቀር ከተማው በሙሉ ያውቅ ነበር። እናቴ ስትመሰክርም ያውቁ ነበር። እያወቁ አሜን አሉ።

መርዶ በወጉ እንደሚነገር አላጣሁትም። ግን እናቴ ማይክሮፎን ጨብጣ ስትቆም አንድ ሰው ተነስቶ እጇን ይዞ ቢያስቀምጣት ምን ነበረበት? ይህን ዛሬም ይቅር አላልኩም።

ለቅሶው ላይ አክስቴ በሰው ፊት «ይሄ ነው የተማርሽው?» አለችኝ። አባቴ እየሰማ መሬት መሬት ያይ ነበር። መምህራችን ለቅሶ ሊደርሱ ሲመጡ ከግቢው በር ጠብቄ የሆነውን ነገርኳቸው።

«ትርጉምሽ ስህተት የለበትም» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለሞተ ሰውም እንደዚያ ይላሉ እንጂ።»

«ለምን አላስተማሩንም ታዲያ፣ ቲቸር?»

«መጽሐፉ ላይ የለም» አሉና ወደ ድንኳኑ ገቡ።

አስከሬኑ በሆሳዕና በኩል መጥቶ ቀበርነው። እናቴ በዚያ ጉዳይ አንድም ቀን ተናግራኝ አታውቅም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ሆሳዕና አንድ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ዘንድሮ ታናሽ ወንድሜም ወደዚያው አገር ሄደ። የላከው አባቴ ነው፤ መሬት ሸጦ። አትላከው ብዬ ብለምነው «እዚህ ምን አለው?» አለኝ። መናኸሪያ ድረስ የሸኘሁትም እኔው ነኝ። ወላጆቼ ቤት ስሄድ እሱ ከደወለ እናቴ ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ለእኔ አታቀብለኝም።