የነፋሴ ስርጉድ

ጓደኞቿ «ነፋሴ» ይሏታል። ሥራዋ በሩቅ ጋላክሲዎች መሃል የተቀመጡ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓዶችን ማጥናት ነው። ጉድጓዶቹ ያገኙትን ሁሉ አይውጡም፤ ጠግቦ እንደሚያገሳ ሰው የተረፋቸውን በነፋስ መልክ ይተፉታል። ነፋስ ስላችሁ ደግሞ ልብስ የሚያደርቀው አይምሰላችሁ፤ በሴኮንድ አርባ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚበር፣ ጋላክሲውን ጠራርጎ አዲስ ኮከብ እንዳይወልድ የሚያመክን ጉደኛ ነው።

ነፋሴ እንዲህ ያለ ነፋስ አገኘች። ከአንድ ጋላክሲ የመጣው ኤክስሬይ ኮምፒውተሯ ላይ መስመር ሆኖ ሲሳል፣ አንድ ቦታ ስርጉድ ይላል፤ ነፋሱ ብርሃኑን የቀማበት ቦታ መሆኑ ነው። በዚያች ስርጉድ ፍቅር ከነፈች። አማቷ እንኳ ስልክ ሲያነሱ «እሷማ ከስርጉዷ ጋር ናት» ማለት ለምደዋል።

ዛሬ ግኝቷን ልታቀርብ፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ተራዋን በር ላይ ስትጠብቅ ሥዕሎቿን ኮምፒውተሯ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ አየቻቸው። አጠገቧ ወደቆሙት አለቃዋ ዞረች።

«ጋሼ! ክቧን የምስሉ ጠርዝ ላይ ነው ያስቀመጥኳት!»

«የቷን ክብ?» አሉ አለቃዋ።

«ከጋላክሲው ላይ የምንቀንሰውን የባዶ ሰማይ ብርሃን የለካሁባትን! ጠርዙ ላይ የመሣሪያው የራሱ መዳብ ያበራል። ጋላክሲው ያለበት መሃል ላይ ግን አያበራም። ያንን የመዳብ ብርሃን ከጋላክሲው ላይ ቀንሼ ከሆነ…»

አለቃዋ ከረባታቸውን አላሉ። «ስርጉዷን ራስሽ ቆፈርሻታ!»

«እንጃ። ክቧን ጋላክሲው አጠገብ አድርጌ ልድገመው።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው እኮ ተቀምጧል! ዛሬ አቅርቢው፣ ነገ ታስተካክይዋለሽ።»

«እያወቅኩ?»

ኮምፒውተሩ ሰው ሲቸኩል ማዛጋት ይወዳል። ከውስጥ ለፊተኛው ተናጋሪ ጭብጨባ ተሰማ። መስመሩ ከግራ ተነሥቶ እያነከሰ መጣ። ስርጉዷ ዘንድ ደረሰ… እንደ ጠረጴዛ ለጥ ብሎ አለፈ።

«የለም» አለች፣ የራሷ ባልሆነ ድምፅ።

የስብሰባው መሪ ስሟን ጠራ።

«እና ምን ልትያቸው ነው?» አሉ አለቃዋ።

«ያየነውን ነዋ!»

መድረክ ላይ ወጥታ ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን አሳየች፤ ክቧ የት እንደነበረችና የት መሆን እንደነበረባት ተናገረች። አንድም ሰው አልሳቀባት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ግን አምና እንዲህ ያለ ነፋስ በማግኘቱ የተሸለመው ሰውዬ ኮምፒውተሩን ቀስ ብሎ ከፈተ። ከዚያ ጎረቤቱ፣ ከዚያ የጎረቤቱ ጎረቤት። ወዲያው አዳራሹ በሙሉ አቀርቅሮ የየራሱን ክብ ይፈልግ ጀመር።